ድንኳናችን ለልጆቻችንም ይተከል

ባለፈው ዓመት በጥር ወር ማለቂያ አንዲት አነስተኛ ድንኳን ገዛሁና አተካከሏን ለመለማመድ ስል ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በግቢያችን ውስጥ ዘረጋኋት። ገመዷን ወጥሬ ካስማዋን በመምታት ላይ ሳለሁ የስድስት ዓመት ልጄ ከጨዋታዋ እየሮጠች መጣች። ጥቂት ቆማ ከተመለከተች በኋላ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «አባባ፣ ማን ሞተ?» ስትል ጠየቀችኝ።

ባለቤቴ ሣቀች፤ እኔም ሣቅሁ። ማታ ግን ነገሩ ከአሳቤ አልወጣ አለ። ልጅቱ አልተሳሳተችም። ተወልዳ ባደገችበት በአቃቂ ቃሊቲ ድንኳን ማለት የእድር ድንኳን ነው። ሰው ሲሞት ይተከላል፤ ሐዘንተኛው ይቀመጥበታል፤ ለቅሶው ሲያበቃ ይነቀላል። አልፎ አልፎ ለሠርግ የተተከለ እንደ ሆነ ነው እንጂ፣ አባትና እናት ከልጆቻቸው ጋር ሊያድሩበት ሲዘረጋ አይታ አታውቅም። እንግዲህ ለአንዲት ሕፃን ድንኳን የሐዘን ምልክት ብቻ ሆኖ ከቀረ ጥፋቱ የእርሷ ሳይሆን የእኛ የወላጆች ነው ብዬ አሰብሁ። ዛሬም ይህን ጽሑፍ ለማቅረብ ያነሣሣኝ ይኸው ነው።

ነገሩን አጥብቆ ለተመለከተው እኛ ከድንኳን የመጣን ሰዎች ነን። ይህች ዛሬ በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ የሚኖርባት አዲስ አበባ ራሷ፣ በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ብርድ ወደ ፍልውሃ ወርደው በሰፈሩ ጊዜ በድንኳን የተጀመረች ከተማ ናት። ዛሬም ቢሆን ጥር 10 ቀን በከተራ ዕለት ታቦታቱ በድንኳን ሲያድሩ፣ ብዙ ምእመናን ከነልጆቻቸው በሜዳ ላይ ያነጋሉ። ሰማዩ በጠራ ቀን ከአቃቂ ሆኖ ወደ ደቡብ ለሚያይ ሰው ጉልህ ሆኖ የሚታየው የዝቋላ ተራራም፣ በጥቅምት 5 እና በመጋቢት 5 ቀን ከየአገሩ የሚመጣ ምእመን የሚያድርበት ነው። የገጠሩን እረኛ ልጅ ያየን እንደ ሆነማ፣ ሜዳና ሰማይ ለእርሱ ሌላው ቤቱ ናቸው። ስለዚህ «ልጅ ይዞ ሜዳ ማደር የፈረንጅ ቅብጠት ነው» የሚለው ተቃውሞ መሠረት የለውም። ቅብጠትስ ቢሆን፣ በቱሉ ዲምቱ የጋራ መኖሪያ ቤቶች አራተኛ ፎቅ ላይ የሚያድግ፣ እግሩ ሣር የማይረግጥ ልጅ አንድ ሌሊት ሜዳ ላይ ቢቀብጥ ምን ክፋት አለው?

ሁለተኛው ተቃውሞ ግን ከዚህ የከበደ ነው። «ሜዳ ላይ ከልጆች ጋር ማደር አደጋ አለበት» የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ይህን አሳብ አላቃልለውም። እኔ ራሴ በዚያችው በመጀመሪያዋ ጉዞ ሁለት ጊዜ ለጥቂት ከመከራ ድኛለሁና። ነገር ግን ከዚያ ያገኘሁት ትምህርት «ከቤት አትውጣ» የሚል አይደለም። አደጋው የመጣው ከሜዳው ሳይሆን አስቀድሜ ካላሰብሁት ነገር ነበር። አባቶቻችን «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» ያሉት ለዚህ ዐይነቱ ነው።

ለማሰብ ደግሞ አርአያ ፍለጋ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገንም፤ አርአያችን ያው እድራችን ነው። እድር ድንኳን ሲያወጣ እንዴት እንደሚያደርግ ልብ ብላችሁ ተመልክታችሁ ታውቃላችሁን? ድስቱ ስንት፣ ጭልፋው ስንት፣ አግዳሚው ስንት ተብሎ ተቆጥሮ ይወጣል፤ ተቆጥሮም ይመለሳል። ማን ውሃ እንደሚያመጣ፣ ማን እንደሚያድር፣ ማን እንደሚላክ አስቀድሞ ይታወቃል። ዳኛው ዳኛ ነው፤ ንብረት ያዡም ንብረት ያዥ ነው። አንድ ቤተ ሰብ ለአንድ ሌሊት ከቤቱ ሲወጣ ይህንኑ ሥርዐት ቢከተል፣ ጉዞው ግማሽ በግማሽ ተቃና ማለት ነው።

መጀመሪያ የሚነሣው ጥያቄ ወዴት እንሂድ የሚለው ነው። በቅርብ ያለው የአቃቂ ወንዝ ነበር። ዳሩ ግን እውነቱን መናገር ያስፈልጋል፤ ትልቁም ትንሹም አቃቂ የከተማውንና የፋብሪካውን ቆሻሻ ተሸክመው የሚወርዱ ወንዞች ሆነዋል። ሁለቱም የሚገቡበት፣ የአገራችን የመጀመሪያው የውሃ ኃይል ማመንጫ የተሠራበት የአባ ሳሙኤል ሐይቅም በእምቦጭ ተወርሯል። ከሩቅ ሲያዩት አረንጓዴ መስክ ይመስላል፤ ልጅን ሊያታልል የሚችለውም ይኸው መልኩ ነው። ስለዚህ በዚያ አካባቢ ወፍ ለማየት መሄድ ይቻላል፤ ልጆችን ውሃው ውስጥ ማስገባት ግን ፈጽሞ አይገባም።

ከዚያ ቀጥሎ ቅርባችን ቢሾፍቱ ናት። ከቃሊቲ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው፤ ቢሾፍቱ፣ ሆራ፣ ባቦጋያና ኩሪፍቱ የሚባሉት ሐይቆቿም የታወቁ ናቸው። ጫካ ለሚወድ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ በወጨጫ ተራራ ላይ የመናገሻ ሱባ ደን አለ፤ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ከወፍ ዋሻ በመጣ ዘር እንደ ለማ የሚነገርለት፣ የጽድና የዝግባ ደን፣ የጉሬዛና የምኒልክ ድኩላ ቤት ነው። ራቅ ብሎ ለመሄድ አቅም ላለው ላንጋኖና አዋሽ አሉ። ነገር ግን የአዋሽ ወንዝ በብሔራዊ ፓርኩ ውስጥ አዞ ያለበት መሆኑን ማንም ወላጅ ሊዘነጋ አይገባውም። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚወጣ ቤተ ሰብ ምክሬ አጭር ነው። ቅርብ ሂዱ፤ አንድ ሌሊት ብቻ እደሩ፤ ከዚያም በፊት አንድ ሌሊት በግቢያችሁ ወይም በዘመድ ግቢ ተለማመዱ። የምታድሩበትን ቦታ ባለቤት ወይም ጠባቂ አስፈቅዱ፤ የመንገዱንና የአካባቢውን ጸጥታ ከአስተዳደሩና ከነዋሪው ጠይቃችሁ ተረዱ። የማያስተማምን ወሬ ከሰማችሁ ጉዞውን ለሌላ ጊዜ ማስተላለፍ ፍርሃት ሳይሆን አስተዋይነት ነው።

ጊዜውንም መምረጥ ያሻል። ክረምት ትምህርት ቤት የሚዘጋበት ቢሆንም ዝናሙና ጎርፉ አይመችም። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መስኩ ያምራል፤ ነገር ግን ከ2,000 ሜትር ከፍታ በታች ባሉት ቦታዎች የወባ ወራት ነው። ቢሾፍቱም ከዚህ ወሰን በታች ስለ ሆነች አጎበር ይዞ መሄድ ግድ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ደግሞ በደጋው ሌሊቱ ውርጭ ያዘለ ነው። በእኔ አስተያየት ከሁሉ የሚሻለው ተማሪዎች በዓመቱ አጋማሽ የሚያርፉበት፣ የጥር ማለቂያና የየካቲት መጀመሪያ ነው።

ስለ መንገዱም አንድ ቃል ልጨምር። ከቱሉ ዲምቱ የሚነሣው የአዳማ የፍጥነት መንገድ በሰዓት እስከ 120 ኪሎ ሜትር የሚነዳበት ስለ ሆነ፣ ልጅን በጭነት መኪና ኋላ ወይም በጉልበት ላይ አስቀምጦ መሄድ ሕይወቱን በገዛ እጅ መጣል ነው። እያንዳንዱ ልጅ በመቀመጫው ላይ ተቀምጦ ቀበቶ ይታሰርለት። በዚያ መንገድ ላይ እንደ ፈለጉ መቆም ስለማይቻልም፣ የክፍያው በር ሳይደረስ ልጆቹን ውሃ ሽንት ማሸናት ብዙ ልቅሶና ጭቅጭቅ ያስቀራል።

አሁን ለጥቂት ከዳንሁባቸው ሁለት መከራዎች ወደ መጀመሪያው ልምጣ። ከቢሾፍቱ ሐይቆች በአንደኛው ዳርቻ ከአንድ ወዳጄ ቤተ ሰብ ጋር ሆነን ሰፍረን ነበር። አራት ትልልቅ ሰዎች ነበርን። ቡና ተፈልቶ ሁለተኛው ሲቀዳ የዘጠኝ ዓመት ልጄ ውሃ ላይ የወደቀች ኳሱን ተከትሎ ገባ። እኔ ባለቤቴ የምታየው መሰለኝ፤ ባለቤቴ እኔን አመነች፤ ወዳጄና ሚስቱም እኛን። ልጁ አልጮኸም። በውሃ የሚሰጥም ልጅ አይጮኽም፤ ለመጮኽ ትንፋሽ የለውምና። ያዳነው እዚያው አጠገብ ልብስ ሲያጥብ የነበረ አንድ የአካባቢው ወጣት ነው። ክንዱን ይዞ ሲያወጣው ውሃው አንገቱ ደርሶ ነበር፤ ከዳርቻው የራቀው ግን ከአምስት እርምጃ አይበልጥም።

ምክንያቱን በኋላ ተረዳሁ። እነዚህ ሐይቆች በእሳተ ገሞራ አፍ ላይ የተኛ ውሃ ናቸው። እንደ ወንዝ ዳር እየሳሱ አይጀምሩም፤ እንደ ጽዋ ውስጠኛ ጎን ወዲያው ይወርዳሉ። የቢሾፍቱ ሐይቅ ጥልቀት እስከ 87 ሜትር፣ የባቦጋያም እስከ 65 ሜትር ይደርሳል። «እያሳሳቀ ይወስዳል እንደ ውሃ» የተባለው ያለ ነገር አይደለም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በቤታችን አንድ ሕግ ወጥቷል። ውሃ አጠገብ ስንሆን አንድ ቀይ ሻሽ አለችን። ሻሿን በአንገቱ ያደረገ ሰው ዘበኛ ነው። ዘበኛው ቡና አይቀዳም፣ ስልክ አያነሣም፣ ወሬም አያወራም፤ ዐይኑን ከልጆቹ አይነቅልም። ግማሽ ሰዓት ሲሞላ ሻሿን ለሌላው ስም ጠርቶ ያስረክባል። ሁሉ የሚጠብቀው ልጅ ማንም የማይጠብቀው ልጅ ነው፤ ስለዚህ ጠባቂው አንድ ሰው ይሁን፤ በስሙም ይታወቅ። ደግሞም ክዳኑ አጥብቆ የተዘጋ ባዶ ጀሪካን ረጅም ገመድ ታስሮለት ዳርቻው ላይ ይቀመጥ፤ ለሚሰጥም ሰው መወርወሪያ ይሆናል። ዋና የማይችል ሰው ለማዳን ብሎ ውሃ ውስጥ ቢገባ አንድ የነበረው ሬሳ ሁለት ይሆናል።

ሁለተኛው መከራ የደረሰው በዚያው ሌሊት ነው። ብርዱ ሲበረታ ጊዜ ልጆቹ ይሞቃቸው ብዬ የቡናውን ከሰል ከነምድጃው ወደ ድንኳኑ አስገባሁና ዚፑን ዘጋሁ። አብራን የመጣችው እናቴ ለጸሎት ወጥታ ነበር። ስትመለስ የምድጃውን ፍም በድንኳኑ ሸራ በኩል አይታ «አንተ ልጅ! የከሰልን ነገር ሳላስተምርህ ነው ያሳደግሁህ?» ብላ ስትጮኽ እስከ ዛሬ ይሰማኛል። ምድጃውን በጋቢዋ ጫፍ ይዛ ራሷ ወደ ውጭ ወረወረችው። ትንሿ ልጄ በዚያች በአጭር ጊዜ ውስጥ ራሴን አመመኝ ማለት ጀምራ ነበር።

የከሰል ጭስ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዝ አለበት። ቀለም የለውም፤ ሽታም የለውም። ከሰሉ ነበልባሉን ጨርሶ ፍም ብቻ ሲሆን ሰው የማይጐዳ ይመስለዋል፤ መርዙ ግን ያን ጊዜም ይወጣል። በደም ውስጥ ገብቶ የአየርን ቦታ ይይዛል፤ የተኛውን ሰው ሳይቀሰቅስ ይወስዳል። ድንኳን ጨርቅ ስለ ሆነ አየር ያስገባል ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው፤ የዛሬው ድንኳን ዝናም እንዳያስገባ ተደርጎ የተሠራ ነውና አየርም እንደ ልብ አያስገባም። ስለዚህ ከሰል፣ ምድጃ፣ ቡታ ጋዝ ወደ ድንኳን አይግባ፤ ለአንድ ደቂቃም ቢሆን አይግባ። ለብርዱ መድኃኒቱ ሌላ ነው። ከምድር የሚመጣው ብርድ ከላይ ከሚመጣው ይብሳልና ከሥር ምንጣፍና ብርድ ልብስ በወፍራሙ ይነጠፍ፤ ከላይ ጋቢና ቡልኮ ይደረብ፤ ለልጆች ኮፍያና ካልሲ ይደረግ፤ ከመኝታ በፊት ትኩስ ነገር ይጠጡ።

ሌላው ነገር ሁሉ ከነዚህ ከሁለቱ የቀለለ ነው፤ ግን ሊታለፍ አይገባም። ለመጠጥና ለምግብ ማብሰያ ለአንድ ሰው በቀን አምስት ሊትር ውሃ ብንመድብ፣ ስድስት ሰዎች ለሁለት ቀን ስድሳ ሊትር ያስፈልጋቸዋል፤ ይኸውም ሦስት ባለ ሃያ ሊትር ጀሪካን ማለት ነው። ከቤት ያመጣነው ካለቀና ሌላ ውሃ መቅዳት ግድ ከሆነ፣ ጠርቶና ንጹሕ መስሎ ቢታይም ሦስት ደቂቃ ያህል ይንተክተክ። ምግብ ሲመረጥ የማይበላሽ ይመረጥ። ድፎ ዳቦ፣ ቆሎ፣ በሶ፣ ሽሮ፣ ድንችና ብርቱካን በቂ ናቸው። ጥሬ ሥጋና ወተት ቤት ይቅሩ። ልጅ ተቅማጥ የያዘው እንደ ሆነ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ውስጥ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ልክ በልኩ ሰፍሮ በጥብጦ በየጊዜው ጥቂት ጥቂት ማጠጣት ነው። እባብ የነከሰውን ሰው አትብጡት፤ አትምጠጡት፤ በገመድም አትጠፍሩት። የተነከሰው እጅ ወይም እግር እንዳይንቀሳቀስ አድርጋችሁ ወደ ሐኪም ቤት አድርሱት። ከመነሣታችሁ በፊት በቅርብ ያለው ሐኪም ቤት የት እንደ ሆነ ጠይቁ፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ስልክ 907 መሆኑንም ለትልቁ ልጅ አስጠኑት።

ስለ ጅብም ልጆች መጠየቃቸው አይቀርም። ጅብን ወደ ሰው የሚጠራው አጥንትና ትርፍራፊ ነው፤ ስለዚህ የተረፈው ምግብ ተከድኖ መኪና ውስጥ ይደር፤ የሥጋ ፍርፋሪ በድንኳን አጠገብ አይጣል። ልጆች በመካከል፣ ትልልቆች በዳርና በበሩ በኩል ይተኙ። በሌሊት ማንም ልጅ ብቻውን ለሽንት አይውጣ። ውጭ ያደረ ጫማ ጠዋት ሳይራገፍ አይጠለቅ። እሳት የሚነደው ሣሩ በተጸዳ ቦታ ላይ፣ ከድንኳኑ ነፋሱ በሚሄድበት በኩል ራቅ ብሎ ነው፤ ከመተኛታችሁ በፊትም አመዱ በእጅ እስኪነካ ድረስ ውሃ ይፍሰስበት።

አንባቢ ይህን ሁሉ ሲያነብ «ታዲያ ደስታው የቱ ላይ ነው?» ሊል ይችላል። ደስታው የሚመጣው ይህ ሁሉ ከተደረገ በኋላ ነው። ውሃው የሚጠበቅበት፣ እሳቱ በቦታው ያለበት አባት ነው አረፍ ብሎ ከልጁ ጋር ሊጫወት የሚችለው። ልጆችም በጉዞው እንደ ሻንጣ ተጭነው የሚሄዱ ሳይሆኑ ሥራ ያላቸው ይሁኑ። ትልቁ ልጄ ካስማ ቆጣሪ ነው፤ ሁለተኛው የእንጨት ለቃሚ፤ ትንሿ የፋኖስ ሹም ናት። ሹመቷን ይዛ እንዴት እንደምትንጐራደድ ብታዩ! ቤት ውስጥ አንድ ብርጭቆ አንሺ ስትባል የምታኰርፈው ልጅ እዚያ ሳትታዘዝ ትሮጣለች።

ማታ ስልኮቹ ሁሉ ጠፍተው (አንዱ ለጭንቅ ቀን ሲቀር) እናቴ ተረት ጀመረች። ልጆቼ እንዲያ ዝም ብለው ሲያዳምጡ አይቼ አላውቅም። የቃሊቲ መብራትና አቧራ የሚጋርደው ኮከብ በዚያ ሌሊት ሰማዩን ሞልቶት ነበር። ሁለተኛው ልጄ «እነዚህ ሁሉ ትናንትም ነበሩ?» አለኝ። «ነበሩ» አልሁት። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሳያያቸው የቀረው በእኔ ስንፍና መሆኑን ግን አልነገርሁትም።

ታዲያ ይህ የአንድ ቤት ጉዳይ ሆኖ መቅረት የለበትም። እድሮቻችን ድንኳን አላቸው፤ ሥርዐት አላቸው፤ ሽማግሌ አላቸው። በዓመት አንድ ጊዜ የሰፈሩን ልጆች ከነወላጆቻቸው ይዘው አንድ ሌሊት ሜዳ ቢያሳድሩ፣ መኪና የሌለው ጎረቤትም ከነልጆቹ አብሮ ይሄዳል። ትምህርት ቤቶቻችንም ቢሆኑ ለተማሪ ዋና ማስተማርን እንደ ጨዋታ ሳይሆን እንደ ፊደል ቢቆጥሩት መልካም ነበር። ከተማውን የሚያስተዳድሩትም ሰዎች በ2011 ዓ.ም. ከእንጦጦ እስከ አቃቂ ወንዞቹን የማልማት ሥራ ሲጀመር የተነገረው ተስፋ እኛ በምንኖርበት በታችኛው ጫፍ ላይም በንጹሕ ውሃ እንዲታይ ያስቡበት። ላይ ያለው ሰው የሚጥለውን ታች ያለው ልጅ ይጠጣዋልና። የአቃቂ ልጅ በአቃቂ ወንዝ ዳር ድንኳን የሚተክልበት ቀን ቢመጣ፣ ወደ ሌላ ሐይቅ መጓዝ ባላስፈለገን ነበር።

ባለፈው ሰሞን ለዘንድሮው ጉዞ ድንኳኗን አውጥቼ ፀሐይ ላይ ሳሰጣት አንዲት ጎረቤታችን በበሩ ስታልፍ አየቻት። ክው ብላ ነጠላዋን አዘቀዘቀችና «ምነው፣ ምን ሆናችሁ?» አለች። እኔ ከመመለሴ በፊት ልጄ ፋኖሷን እንደ ያዘች ከኋላዬ ብቅ ብላ እንዲህ አለቻት፦

«ማንም አልሞተም፣ እትዬ። ሜዳ ልናድር ነው!»